ሳላዘው የተነሣ ክንድ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለቃሪያዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? አባትሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ለቀቅ አደረጋቸው? እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቀኑን ሙሉ መቆም ያመጣው ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኔው ጉድ ግን መስከረም ከጠባ በኋላ መጣ። ባለፈው ሳምንት ከእናንተ ሰፈር የመጣች አንዲት ነርስ እዚህ እኔ ያለሁበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የምትሠራ ዘመዷን ልትጠይቅ ገባች። ጨዋታ ስንጀምር አንቺ ያለሽበት ክሊኒክ ሠርታ እንደነበር ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ፣ «የወንድሜ ልጅ እኮ እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ ናት!» አልኳት። ልጅቱ ሳቀች። «ማስተርን ነው? እሷማ ከለቀቀች ቆየች! አሁን ካራቴ ነው የምታስተምረው» ብላ በሁለት እጇ አየሩን ቆራረጠችልኝ።

የምተኩሰው አንሶላ በእጄ ነበር። የመተኮሻው ማሽን ጎትቶ ወሰደው፤ እጄም አብሮ ሊሄድ ለጥቂት ነው የተረፈው።

አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? ያን ሁሉ ዘመን ተምረሽ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰሽ፣ ሰው «ዶክተር» እያለ በስህተት እየጠራሽ፣ አሁን በባዶ እግርሽ እየጮኽሽ ሰው ትራገጫለሽ? እስቲ በሞቴ ውሸት ነው በዪኝ። እውነት ከሆነ ደግሞ ጋሼ ያውቃሉ ወይ? ዕድሜያቸውን በሙሉ ጂኦሜትሪ ያስተማሩ ሰው፣ ክፍል ሲገቡ ዝንብ እንኳ ክንፏን የምትሰበስብላቸው ሰው፣ ይህን ሲሰሙ ምን ይሆናሉ? ስልክ እንዳልደውል የሚያነሡት እሳቸው ናቸው፤ ገና «ሃሎ» ስል ነገር እንዳለ ያውቁብኛል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ቶሎ መልሺልኝ።

አፏን ከፍታ የቀረች አክስትሽ


ጥቅምት 28

ለምወድዎና ለማከብርዎ አክስቴ፤

ከሁሉ በፊት እጅዎ በመትረፉ ፈጣሪ ይመስገን። ደብዳቤዎን ስከፍተው ቶሎ ቶሎ እያነበብኩ የፈለግሁት መጨረሻው ላይ ምን እንደሆነ ነበር። አባባ ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ ላይ ያስቸግራቸዋል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ስህተት እየፈለጉ በእርሳስ ያርማሉ።

ነርሷ አልዋሸችም። ነገርን ከሥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርዎ።

ልጅ ሳለሁ አባባ ለደካማ ተማሪዎች ተጨማሪ ትምህርት ሲሰጡ እኔ ግቢ ውስጥ እጠብቃቸው ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ አንድ ጎሚስታ ነበር፤ ሥራ ሲቀዘቅዝለት ያረጀ ጎማ በገመድ አንጠልጥሎ በቡጢ ይነርታል። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ወጥቼ ቆሜ ሳየው፣ «ቆሞ ማየት ጎማ አይነፋም፤ ጫማሽን አውልቂ» አለኝ። በቃ፣ ያን ቀን ተጀመረ። ለአባባ ስፖርት እሠራለሁ አልኳቸው፤ «ለአእምሮ ጥሩ ነው» አሉኝ። ምን ዓይነት ስፖርት እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኔም አልተናገርኩም። ጥቁር ቀበቶዬን ያገኘሁ ዕለት ቀበቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ጠቅልዬ ገብቼ፣ ያወራነው ስለ ኬሚስትሪ ውጤቴ ነው።

ከዚያ የጎሚስታው ጉልበት እምቢ አለው። ቅዳሜ ጠዋት ካራቴ የሚያስተምራቸውን ልጆች «ለጊዜው ያዢልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ቅዳሜው እሑድን ጠራ፣ እሑዱ የሥራ ቀኑን ማምሻ ጠራ። ከአንድ አናጺ ላይ የእንጨት ማከማቻ የነበረ አዳራሽ ተከራየሁ። እስከ ዛሬ ወለሉን ስንጠርግ ከስንጥቁ ሰጋቱራ ይወጣል። ውሃ ያለው ውጭ ነው፤ መስተዋቱም አንድ ጥጉ በፕላስተር የተያዘ ነው። ግን የእኔ ነው።

ቁርጤን ያስወሰነችኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። የልጆች እናት ናት፤ ለወገብ ሕመሟ እንቅስቃሴ ታዞላት መጣች። በካራቴ ሲመቱ ከሆድ ይጮኻሉ፤ ጩኸቱ የምቱ ግማሽ ነው። የእሷ እጅና እግር ይሠራሉ፤ ድምፅ ግን የለም። በመጣች ቁጥር አፏን ከፍታ መልሳ ትዘጋለች። አንድ ቀን ጮኸች። መስተዋቱ ወረደ ብለን ሁላችንም ዞርን። እሷ ራሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ማስተር፣ እኔ እኮ በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም» አለችኝ።

በማግስቱ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብዬ የማየው እሷን ነበር። ያኔ አለቃዬ መጥቶ ከእንግዲህ ቅዳሜና እሑድ ተረኛ እንደምሆን ነገረኝ። «አልችልም» አልኩት። «እንግዲያው ምረጪ» አለኝ። መረጥኩ። በአፌ ማን እንደተናገረ አሁንም ይገርመኛል።

አባባ አያውቁም። ጠዋት እንደ ድሮው ቦርሳዬን ይዤ እወጣለሁ። ባለፈው ገመድ ላይ የተሰጣውን የካራቴ ልብሴን አይተው፣ «ክሊኒካችሁ ዘንድሮ ሱሪም ጨመረላችሁ እንዴ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። አክስቴ፣ ከዚህ በላይ መዋሸት አልችልም፤ ፊት ለፊት መንገርም አልችልም። እርስዎን ግን ይሰማሉ። እባክዎ ይንገሩልኝ። ከእርስዎ የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

የእርስዎው ቃሪያ


ኅዳር 25

ለቃሪያዬ፤

ሰላምታዬ ከአዳራሽሽ ጩኸት በላይ ይድረስሽ።

ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ ስልኩን አንሥቼ ሦስት ጊዜ ዘጋሁት፤ በአራተኛው ተናገርኩ። ክሊኒኩን ትታ አስተማሪ ሆነች አልኳቸው። «እንደ እኔ?» አሉኝ። ጋሼ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። «አዎ፣ እንደ እርስዎ» አልኳቸው።

ሌላውን ዝርዝር ለእኔ ተዪው። አንቺ በራስሽ ምንም አታንሺባቸው፤ እሳቸው እስኪያነሡት ጠብቂ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፦ አዳራሽሽ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ አለ? ከሌለ አንድ ፈልገሽ ግድግዳው ላይ ስቀዪ። ለምን ብለሽ አታድርቂኝ። ዛሬ የአንሶላው ክምር ከእኔ ቁመት ይበልጣልና በዚሁ ላብቃ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 16

አክስቴ፤

ሰላምታ አልጻፍኩም፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

አባባ ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ መጡ። ሳይነግሩኝ። ጡረታ ሲወጡ የተሰፋላቸውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ያበራል። በአንድ ብብታቸው ትልቁን የእንጨት ኮምፓስ፣ በአንዱ እጃቸው ያንን የሜትር ማስመሪያ ይዘዋል፤ ከኮታቸው ኪስ ያልተከፈተ የጠመኔ ካርቶን ብቅ ብሏል። ሊያወርሱኝ ነበር ያመጡት። ከቤት ጀምረው ያገኙትን ሰው ሁሉ «የልጄ ትምህርት ቤት የት ነው?» እያሉ ነው የመጡት።

ተማሪዎቼ ሽማግሌ ሲገባ አይተው እንደ ሥርዓታችን እጃቸውን ከጎናቸው አድርገው ጎንበስ አሉ። አባባ ደስ አላቸው፤ እንደ ድሮው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ተቀመጡ» አሉ። ወንበር የለም። ዙሪያውን አዩ። «ሰሌዳው የታለ?» አሉኝ። ከዚያ ባዶ እግሬን አዩት። «ጂኦሜትሪው የታለ?»

ያቺ ልብስ ሰፊ፣ ነገር ያቃናች መስሏት፣ «አባታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት! ማስተር እኮ የካራቴ አስተማሪያችን ናት፤ አንበሳ ናት!» አለች።

አባባ ፊታቸው ደም መሰለ። «በሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ አደረግሽኝ! ውሸታም!» ብለው ማስመሪያውን አነሡ።

ክንዴ ተነሣ። አላዘዝኩትም። ከላይ ለሚመጣ ምት ክንድ ከግንባር በላይ ይነሣል፤ ከጎማው ዘመን ጀምሮ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማስመሪያው የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ማስመሪያው ግን ደህና ሆኖ ንጣፉ ላይ ወድቋል። የተሰበረው የአባባ የእጅ አንጓ ነው።

አልጮኹም። እጃቸውን አቅፈው ፊቴን ብቻ አዩኝ። ወደ ሐኪም ስንሄድም፣ ጀሶ ሲታሰርላቸውም አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

አባቴን መታሁ፣ አክስቴ። ተማሪዎቼ «ተከላከልሽ እንጂ አልመታሽም» ይሉኛል። ለእነሱ ቀላል ነው። እኔ የማስተምረው እጅን ማቆም ነው፤ ቡጢ ከሰው ፊት ፀጉር በሚያህል ርቀት ላይ እንዲቆም። ለአባቴ ሊቆም ያልቻለ እጅ ይዤ ሰው ፊት ምን ብዬ ልቁም? አዳራሹን ዘግቻለሁ። እዚያ እርስዎ ጋር ሥራ ካለ ያስገቡኝ። አንሶላ ልተኩስ፤ ወለል ልወልውል፤ ብቻ ከዚህ ልውጣ።

ደግሞስ ጂኦሜትሪ ከየት መጣ? ለአባባ ምን ብለው ነው የነገሯቸው?


ጥር 9

ለአክስቴ፤

መልስዎ ቀረብኝ። ታመው ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ።

አባባ ለጠየቃቸው ሁሉ «ደረጃ አዳልጦኝ ነው» ይላሉ። አባባ፣ አክስቴ! አንዲት ዲግሪ ለተሳሳተ ማዕዘን የማይራሩት አባባ ይዋሻሉ። ከእኔ ጋር ግን አይነጋገሩም። ጠዋት ጠዋት የሸሚዛቸውን ቁልፍ እቆልፍላቸዋለሁ፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው ግድግዳ ያያሉ። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ መጥታ ትጠራኛለች፤ አልወጣላትም።

ሥራውን አይርሱብኝ።


የካቲት 1

ለቃሪያዬ፣ ለልጄ፤

አልታመምኩም። ብታመም ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ከረምኩ፤ እስክሪብቶ አንሥቼ መልሼ አስቀምጣለሁ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ጋሼ «እንደ እኔ?» ያሉ ጊዜ ድምፃቸው ልቤን በላው። «ምን ታስተምራለች?» ሲሉኝ «ጂኦሜትሪ» አልኩ። በኋላ ቀስ ብዬ አቃናዋለሁ ብዬ ነበር። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ አቃተኝ። ሰሌዳ ስቀዪ ያልኩሽ ለዚያ ነው። እንዲያው ምን ነካኝ? ሰሌዳ ሰቅዬ ካራቴን ልሸፍን!

የዘገየሁት ግን ስለ ውሸቴ ብቻ አይደለም። ያቺን ማስመሪያ አውቃታለሁ። እናትና አባታችን ሞተው ጋሼ ሲያሳድጉኝ፣ ማዕዘን አልገባ ባለኝ ቁጥር መዳፌን ዘርግቼ የምቀበለው እሷን ነበር። ጋሼ ያልበሉትን አብልተውኛል፤ ያልለበሱትን አልብሰውኛል፤ ይህን ብክድ ፈጣሪ ይታዘበኛል። ግን እጄ አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ክንድሽ ተነሣ የሚለው ላይ ስደርስ ክው ብዬ ደነገጥኩ፤ ከድንጋጤው ሥር ደግሞ ደስታ አገኘሁ። ደስታ፣ ቃሪያዬ! የወንድሜ እጅ ተሰብሮ! ወረቀቱን አጥፌ ትራሴ ሥር ከተትኩትና ከሰው መሀል ሄጄ አንሶላ ስተኩስ ዋልኩ። ከራሴ ጋር ብቻዬን መሆን ፈራሁ።

ለጋሼ ደውዬ እውነቱን ተናግሬአለሁ። ውሸቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም አልኳቸው። ስልኩን ሳይዘጉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

አሁን የጠየቅሽኝ ነገር። አለቃዬ እሺ ብላለች፤ የቅጥር ወረቀቱ ተዘጋጅቷል፤ አብረን እንኖራለን። አንድ ነገር ግን ማዪልኝ፤ ያንን ካራቴ እዚያው ጥለሽው ትመጫለሽ። እዚህ አንድ ክንድ ከተነሣ በኋላ የሚገላግል ዘመድ የለም። ወሩ ሳያልቅ ቁርጡን ጻፊልኝ፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።

የምትወድሽና ያፈረች አክስትሽ


የካቲት 24

ለምወድዎ አክስቴ፤

ደብዳቤዎን እያለቀስኩ አነበብኩት፤ በጂኦሜትሪው ግን ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው። ስለ ቀረው፣ ስለ ደስታው ማለቴ ነው፣ ምንም አልልዎትም። እኔም ማስመሪያዋን አውቃታለሁ።

የአባባ ጀሶ ማክሰኞ ዕለት ወለቀ። እጃቸው ከስቶ ነጥቷል። ትናንት ከምሳ በኋላ ከሳሎን ጠሩኝ። ስገባ ማስመሪያዋን በግራ እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ደርቄ ቀረሁ።

«እዚህ ጋ ቁሚ» አሉኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ፊት ለፊት የነገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ነው። «ያን ቀን ያደረግሽውን አድርጊ።»

«አባባ፣ በፈጠረዎት አልችልም» አልኳቸው።

«ቁሚ አልኩሽ!»

ያን ድምፅ ያውቁታል። ቆምኩ። ማስመሪያዋን በዝግታ አወረዷት፤ ክንዴ ተነሣ፤ ከእጃቸው ሳይደርስ ቆመ። «እንደገና» አሉ። አሁን ትንሽ ፈጠን አደረጉት። ክንዴ ተነሣ፤ ቆመ። ሦስተኛው ላይ በሙሉ ጉልበታቸው ሰነዘሯት። ቆመ፣ አክስቴ! ክንዴ ከእጃቸው ፀጉር በሚያህል ርቀት ላይ ቆመ፤ ማስመሪያዋ ትከሻዬን አገኘችው፤ እሱ ምንም አይደለም። እኔ በክንዴ ተደስቼ ላለቅስ ስል እሳቸው ግን ክንዴን አላዩም።

«አየሽ፣ አሁንም ጨፈንሽ» አሉኝ።

«ምን?»

«ዓይንሽን። እጄ የተሰበረ ዕለት ያየሁት እሱን ነው። ከሕመሙ በላይ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ስድስት ዓመት ሲሞላሽ የነበረሽን ፊት አየሁ።»

አልጨፈንኩም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ጎሚስታው እኔን ሲያሠለጥነኝ ፊቴ ላይ እያጨበጨበ ያጠነከረው ከሁሉ በፊት ዓይኔን ነው፤ ውድድር ላይ ቡጢ አፍንጫዬን ሲነካኝ እንኳ ዓይኔ አይርገበገብም። አባባ ተማሪን ሰሌዳ ፊት አቁመው እንደሚጠይቁት ጠየቁኝ።

«ለጀማሪ መጀመሪያ የምታስተምሪው ምንድን ነው?»

«ዓይኑን እንዳይጨፍን።»

«በምን እየመታሽ?»

«አልመታም አባባ። ፊቱ ላይ ፎጣ እወረውርለታለሁ። እስኪለምደው።»

«ሳይመታ ይለምዳል?»

«ይለምዳል።»

ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደሟት። ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። የማስተማር ዓመቶቻቸውን ሁሉ ወደ ኋላ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር። «እንግዲያው ክንድሽን ያስተማረው ሌላ ሰው ነው፤ ዓይንሽን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። ድምፃቸው አልተሰበረም። መልሱን አግኝተው በመጨረሻው መስመር ላይ እንደሚጽፉት ነው ያሉት።

አክስቴ፣ ወረቀቱን አይላኩልኝ። ቦታው ለሚፈልገው ሰው ይሰጥ። ሰኞ አዳራሹን እከፍታለሁ፤ ለልብስ ሰፊዋ ዛሬ ነግሬአት በሩ ላይ እልል አለችብኝ። አዳራሹን ያስዘጋኝ ክንዴ ነው ብዬ ነበር፤ ክንዴ ጥፋት የለበትም። ያልተማረው ዓይኔ ነው፤ እሱም ከአባባ በቀር በሌላ ሰው ሁሉ ፊት ይከፈታል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለአባባ ፎጣ ሰጥቼ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ምን እንደምፈልግ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ፎጣውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ለሕፃን ኳስ እንደሚወረውር ሰው አለሳልሰው ወረወሩት። ጨፈንኩ። እንደገና ወረወሩ፤ ጨፈንኩ። ክንዳቸው እስኪዝል ወረወሩ፤ አንዱንም አላየሁት። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

«የእኔ ትምህርት ቶሎ አይለቅም» አሉ። ፎጣውን በታመመው እጃቸው አጣጠፉና፣ «ነገ ከምሳ በኋላ ነይ» አሉኝ።

ልጅዎ ቃሪያ